የአርብቶ አደር አለባበስና የከተማ ወጣት ልብስ፦ ምኑን እንውሰድ፣ ምኑን እንተው?

የመተሃራ ልጅ | ጥቅምት 12፣ 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ የውይይት መድረክ ላይ ስለ ጨርቅ አቅራቢዎችና ስለ ሕትመት የምትጽፉትን በዝምታ ሳነብ ቆይቼ ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ሳር ቤት አካባቢ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ኦቨርሎክ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የራሳችንን ልብስ መሥራት ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ስማችንን የማልጠቅሰው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። የምንሠራው ሁዲ፣ ሰፋፊ ቲሸርትና ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ ሲሆን አቆራረጡን ግን ከአርብቶ አደሩ አለባበስ ለመማር እንሞክራለን። «ዘላን» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቃሉ ለስድብ ሲውል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ደግሞም ከብቱን ይዞ ውኃና ሣር ወዳለበት የሚሄድ ሰው የሚሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል።

ያደግሁት መተሃራ ነው። አባቴ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ በገበያ ቀን ከረዩ የተባሉት አርብቶ አደር ኦሮሞዎች ግመላቸውን እየነዱ ሲገቡ አጥር ሥር ቆሜ አያቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም። የነበረቻቸው አንዲት ነጭ አቡጀዲ ናት። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ተከናንበዋት ይመጣሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ትከሻቸው ያወርዷታል፤ ሲደራደሩ ወገባቸው ላይ ያስሯታል፤ ጥላ ሥር ሲያርፉ አንጥፈው ይቀመጡባታል፤ የሸጡበትን ብር ጫፏ ላይ ይቋጥሩታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ገና የተወለደች ግልገል በእርሷ ጠቅልለው ታቅፈው ሲሄዱ አየሁ። ቁልፍ የላት፣ ዚፕ የላት፣ መቀስ የነካው ቦታ የላት። ዛሬ ሁዲ በቆረጥሁ ቁጥር፣ ያቺ አቡጀዲ ከምትሠራው ሥራ የእኔ ልብስ ስንቱን ይሠራል እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓመት 38 ልብስ ሠርተን አወጣን። የሁዲው ኮፍያ ከትከሻ እስከ ትከሻ የሚደርስ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ሲወርድ እንደ ኩታ ትከሻ ላይ ይተኛል፣ ሲነሣ ግንባር ድረስ ይከናነባል። ከዚያው ከሁዲው ጨርቅ በተሠራው ሱሪ ላይ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ የገዛነውን ሸማ እንደ ሽርጥ ከፊት እንዲታጠፍ አድርገን ሰፋንበት። ሁሉም በሦስት ሳምንት ተሸጦ አለቀ።

አሁን ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛው፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ሱቅ 200 ሁዲ እንድንሠራለት ጠይቆናል፤ ነገር ግን በላከው ንድፍ ጀርባው ላይ የከለቻ፣ ማለትም በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ግንባር ላይ የሚታሰረው ምልክት፣ ምስል በትልቁ እንዲታተም ይፈልጋል። ገንዘቡ የአንድ ዓመት የቤት ኪራያችንን ይሸፍናል፤ ሆኖም ንድፉን ባየሁት ቁጥር ሆዴ እሺ አይለኝም፣ ምክንያቱን ግን በቅጡ ማስረዳት አልቻልሁም። ሁለተኛው፣ ሽርጡ ከታጠበ በኋላ ሱሪው ላይ እየተኮማተረ አስቸግሮናል። የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ድርና ማግ | ጥቅምት 12

እኅቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ እጄ የሚያውቀው እርሱን ነውና። ሽሮ ሜዳ ከአባቴ ጎን ሸማ ስሠራ ሀያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። በሸማችን ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። እንዲህ ያለ ማግ ውኃ ሲነካው ያብጥና ይሰበሰባል። ያልታጠበ ሸማ ቆርጠሽ ከፋብሪካ ጨርቅ ጋር ከሰፋሽው በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ሲያጥር ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ኩምትርትር የሚለውም ለዚህ ነው። ከመቁረጥሽ በፊት ለብ ባለ ውኃ ሁለት ጊዜ ዘፍዝፊው፣ ሳትጠመዝዢ ጥላ ላይ አስጪው፣ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ተኩሺው።

ሌላው ነገር የሁዲ ጨርቅ እንደ ሹራብ የተሠራ በመሆኑ ሲለበስ ይለጠጣል፤ ሸማ ግን አይለጠጥም። ሁለቱን ዙሪያውን በስፌት ካሰርሻቸው ሰውዬው በተቀመጠ ቁጥር ይጓተታሉ። ሽርጡን ወገቡ ላይ ብቻ ያዢውና የቀረውን ልቀቂው። አንቺ ያየሻቸው ሽማግሌም እኮ አቡጀዲዋን የያዟት በአንድ ቋጠሮ ብቻ ነው።

ስለ ስፋቱም ልንገርሽ። ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ስለሚቀበል ሸማ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስፋት ነው ያለው፤ ነጠላም ጋቢም ሰፊ የሚሆነው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ብዙ ዲዛይነሮች መጥተው ሸማውን እንደ ጥቅልል ጨርቅ ከመሐሉ ይቆርጡታል። የሸማው ጠርዝ ወይም ዳር ግን በራሱ የተቋጨ ነው፣ አይተረተርም። ንድፍሽን ከሸማው ስፋት ተነሥተሽ ካወጣሽው ቅምቅማት አያስፈልግሽም፣ ለመጣያም የሚተርፍ ቁራጭ አይኖርሽም።

ያቤሎ | ጥቅምት 13

እኅቴ፣ ሆድዎ እሺ ያላለበትን ምክንያት እኔ ልንገርዎት። ቦረና ተወልጄ ያደግሁ መምህር ነኝ። ከለቻ ለማማር የሚደረግ ጌጥ አይደለም። ግንባሩ ላይ የሚያስረው አባ ገዳው፣ ቃሉ የሚባለው የሃይማኖት መሪና ሥርዓቱ ገዳሞጂ ወደሚባለው የመጨረሻ እርከን ያደረሰው ሰው ነው፤ ያውም በታወቀ ቀንና በታወቀ ሥርዓት። ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግር ሕይወት ያለው ሥርዓት ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ያሰፈረው ዛሬም የሚኖርበት ሕዝብ ስላለ ነው። አንድ ሰው ያን ማዕረግ ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ በእርከን በእርከን ያልፋል። ያንን ምልክት ሀያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጀርባው ላይ አድርጎ ወደ ጭፈራ ቤት ሲገባ ማየት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም።

ደገኛው ወገናችን ይህን በነጠላ ያውቀዋል። ነጠላ ለሐዘን ይዘቀዘቃል፣ ለአክብሮት ይደገደጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ተጣፍቶ ይለበሳል። ጨርቁ አንድ ነው፤ አለባበሱ ግን ይናገራል። የማያውቅ ሰው ለሠርግ አዘቅዝቆ ቢመጣ የሚሰማዎትን ያስቡት።

ይህን ስል ግን የአርብቶ አደሩን ልብስ ማንም አይንካው ማለቴ አይደለም። የዘወትር ልብሳችን የዘወትር ነው። የወንድሜ ልጆች ሁዲ ለብሰው፣ በላዩ ኩታ ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው በትር በሌላው ስልክ ይዘው ከብት ያሰማራሉ። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው የሚያስቡትን ቅልቅል እነርሱ ማንንም ሳያስፈቅዱ ለብሰውታል። ለንድፍ የሚሆንዎት ነገር ከእነዚያ ልጆች ዘንድ አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 13

የመምህሩን ቃል በአክብሮት አነበብሁ፤ ይሁን እንጂ ሌላም ጎን አለው። እኔ አሜሪካ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። ልጄ የሌላ አገር የቅርጫት ኳስ ቡድን ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲውል አንድም ሰው ለምን አይለውም። የእኛ ነገር ሲሆን ብቻ በጨርቅ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥነው ልጆቻችን በምን ሊያውቁት ነው? ከለቻን በሁዲ ላይ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ጨርሶ ካላየው ልጅ ይሻላል።

ደግሞ ምሳሌ አለን። በረባሶ ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጥ የድሃ ጫማ ሲባል የኖረ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ከሀያ ዓመት በፊት ገደማ ዘነበወርቅ ሠፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር ያንኑ የጎማ ሶል አንሥታ ዓለም ላይ አወጣችው። እኛ ብንሸሽገው ኖሮ በረባሶ ዛሬም መናቂያ ሆኖ በቀረ።

ሕግና ሸማ | ጥቅምት 14

እመቤቴ ያነሡት የበረባሶ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በእኔ አስተያየት የሚደግፈው መምህሩን ነው። ከበረባሶ የተወሰደው አሠራሩ ነው፤ ጎማን ቆርጦ ሶል የማድረግ ብልሃት ለማዕረግ የተለየ የማንም ምልክት አልነበረም። ከለቻ ግን ምልክት ነው።

በሌላ አገር የደረሰውን ላስታውስ። ኬቲዜድ የተባለ የለንደን የልብስ ድርጅት፣ እርሱም የጎዳናን አለባበስ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ጌጥ ጋር በማዋሐድ የሚታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ሹራብ ለገበያ አወጣ። የሹራቡ ንድፍ በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ አደን እየተከተሉ ይኖሩ ከነበሩት ከኢኑይት ሕዝብ መካከል በ1920ዎቹ የነበረ አንድ የመንፈስ አዋቂ ራሱን ከክፉ ለመጠበቅ ካሠራው የቆዳ ካፖርት የተገለበጠ ነበር፤ ደረቱ ላይ ያሉት ሁለት የእጅ መዳፎች እንኳ ሳይቀሩ። የሰውዬው ዘሮች አይተው ለዩት። ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ ሹራቡን ከገበያ አነሣ። ካፖርቱ ብርድ የሚከላከልበትን ብልሃት ተምሮ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ቅሬታ ባልተነሣ ነበር፤ የወሰደው ግን የአንድን ሰው የግል ጸሎት ነው።

በበግ እርባታቸው የሚታወቁት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቫሆዎችም በስማቸው ሲነግድ በነበረው ኧርባን አውትፊተርስ በተባለው የልብስ ሻጭ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ክስ መሥርተው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2016 በስምምነት አልቋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያና የታንዛኒያ አርብቶ አደሮች የማሳዮች ጉዳይ ነው። ሉዊ ቪቶን የተባለው የፋሽን ድርጅት ለእ.ኤ.አ. 2012 ባወጣው የወንዶች ልብስ ላይ «ሹካ» ከሚባለው ቀይ ባለ መስመር የማሳይ ኩታ ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ ተጠቅሟል። ማሳዮች ከዚህና ከሌሎች አጋጣሚዎች ተነሥተው የባህላቸውን አጠቃቀም በፈቃድና በክፍያ ለማድረግ ተደራጁ፤ አንድ የእንግሊዝ ልብስ ድርጅትም ተስማምቶ ከፍሏቸዋል። በዚያ ሥራ ያማከራቸው ላይት ይርስ አይፒ የተባለው የዋሽንግተን ድርጅት ነው፤ የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በንግድ ምልክትነት ስናስመዘግብና እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስንስማማ ከጎናችን የነበረውም እርሱ ራሱ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጠው አዲስ ከሆነ ነው፤ ጥበቃውም አምስት ዓመት ሲሆን እስከ ሁለት ጊዜ በአምስት በአምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። የአባቶች ንድፍ አዲስ ስላልሆነ ማኅበረሰቡ ሊያስመዘግበው አይችልም፤ በዚያው ምክንያት ግን፣ የመተሃራ ልጅ፣ እርስዎም ሆኑ ውጭ ያለው ሱቅ የራሳችን ነው ልትሉት አትችሉም። የማኅበረሰብ መብትን በስሙ የሚጠራው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የሚመለከተው የዕፀዋትንና የእንስሳትን ጄኔቲክ ሀብትና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ዕውቀት እንጂ ልብስን አይደለም። ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ የሚዳኘው የሠሪው ኅሊናና የተጻፈ ውል ነው። ሱቁ ጋር ውል ከገቡ «ንድፉ የሻጩ ብቻ ነው» የሚል ሐረግ እንዳይገባበት አጥብቀው ይዩ።

ሎግያ | ጥቅምት 14

እኅቴ፣ ስለ ምልክቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ሙቀቱ ልናገር። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ የምኖረውም አፋር ውስጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳ በማይነካበት አገር ነው።

እናቴ ሰናፊል የሚባለውን የአፋር ሽርጥ ታገለድማለች። ጥንት የሴቶቹ በዛፍ ልጥ ተነክሮ ቡናማ ይሆን ነበር፤ የወንዶቹ ሳይነከር ይለበሳል። ስትራመድ ባየሻት፣ ጨርቁ በእያንዳንዱ እርምጃ ይከፈትና ይዘጋል፤ ወናፍ ነው። ከእግሯ ሥር ያለውን አየር ስቦ በወገቧ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በዳዊዎች የሚባሉት የዐረብ በረሃ አርብቶ አደሮች ጥቁር ቀሚስ በረሃ ላይ ለምን እንደማያቃጥል መርምሮ ነበር። ጥቁሩ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ይስባል፤ ነገር ግን ቀሚሱ ሰፊ ስለሆነ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው አየር ትርፉን ሙቀት ቆዳ ሳይደርስ ይወስደዋል፤ በመጨረሻም ሰውነት ላይ የሚደርሰው ሙቀት በሁለቱም እኩል ሆኖ ተገኘ። ዋናው ቁም ነገር ስፋቱና እንቅስቃሴው ነው።

የወጣቶቹ ሁዲ ሰፊ ነው ይባላል፤ ግን ወገቡና የእጅጌው ጫፍ በላስቲክ ታንቋል፤ ጨርቁም ወፍራም፣ ውስጡ የተበጠረ ነው። አየር አይገባበት፣ አይወጣበት። ለሰመራ ልጅ ያንን መሸጥ ግፍ ነው። ላስቲኩን አውጪው፣ ጎኑን እስከ ብብት ሰንጥቂውና በማሰሪያ ያዢው፣ ጨርቁን ቀጭን ጥጥ አድርጊው፤ ፖሊስተር የተቀላቀለበትን አትንኪ። ያኔ ከእኛ ተምሬያለሁ ብትዪ እውነት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያገባች የአፋር ሴት ራሷን በጥቁር ሻሽ ትሸፍናለች። ሞዴል ስታሰልፊ ያላገባችን ልጅ ጥቁር ሻሽ አስረሽ ፎቶ አታንሺ። ከዚህ በፊት አንድ ፎቶ አንሺ እንዲህ አድርጎ የአክስቴ ልጅ አባት ለሳምንት ገበያ መውጣት አፍሮ ነበር።

ቀብሪ ደሃር | ጥቅምት 15

የሎግያዋ እኅታችን የተናገረችው ለእኛም ይሠራል፤ ጥቂት ልጨምር። በእኛ አገር ወንዱ የሚያገለድመው መዓዊስ አብዛኛው ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ነው፤ እንደ ከረጢት ክብ ሆኖ የተሰፋ ሲሆን ወገብ ላይ ታጥፎና ተጠቅልሎ ያለ ቀበቶ ይያዛል። ባሕር ተሻግሮ መጣ ብሎ የእኛ አይደለም የሚል አንድ ሶማሌ አታገኙም። በኦሞ ወንዝ በታች ያሉት ዳሰነቾችም የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ደርድረው የራስ ጌጥ ይሠራሉ። አርብቶ አደሩ ከድሮም ያገኘውን የሚያዋሕድ ሰው ነው። ስለዚህ «ንጹሑን ጥንታዊውን» ፍለጋ ብለሽ አትድከሚ፤ ሰዎቹ ዛሬ የሚለብሱትን ተመልከቺ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 15

ስለ ኢኑይቱ ካፖርት አላውቅም ነበር። ከለቻውን በተመለከተ ሐሳቤን አንሥቻለሁ፤ መምህሩንም ቅር አሰኝቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም፤ ልጆቹ የሚያዩትና የሚጠይቁበት ነገር ልብሱ ላይ ሊኖር ይገባል። አቆራረጡ ብቻውን አይናገርም። ልጄ የተሰነጠቀ ጎን ያለው ሁዲ ቢለብስ ፋሽን ነው ብሎ ያልፋል እንጂ ከሎግያ የመጣ መሆኑን በምን ያውቃል?

የመተሃራ ልጅ | ጥቅምት 19

መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት እየሠራሁ ስለነበር ነው። እያንዳንዳችሁን አመሰግናለሁ።

ለሱቁ ጽፌለታለሁ። ከለቻውን እንደማላትም፣ ምክንያቱንም መምህሩ ባስረዱኝ መንገድ አብራርቼ፣ በምትኩ ያለ ምስል በአቆራረጡ የሚለይ 200 ሁዲ ልሠራለት እንደምችል ነግሬዋለሁ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ኪራዩ አሳስቦኛል፤ ጓደኛዬም ሁለት ሌሊት አልተኛችም፤ ግን ደብዳቤውን አብረን ነው የፈረምነው።

ሁዲውን እንደገና ቆርጬዋለሁ። ላስቲኩን ከወገቡም ከእጅጌውም አወጣሁት። ጎኑን እስከ ብብት ሰነጠቅሁትና በየጎኑ ሁለት ሁለት ማሰሪያ አደረግሁበት፤ ሲታሰር ተራ ሁዲ ይመስላል፣ ሲፈታ ፊቱና ኋላው እየተለያየ በእርምጃ ይንቀሳቀሳል። ትናንት በቀትር ለብሼው ከሳር ቤት እስከ ሜክሲኮ በእግሬ ሄድሁ፤ ጀርባዬ ላይ ላብ አልነበረም። ከታችኛው ጫፍ በስተቀኝ አንዲት ማዕዘን ሳልሰፋት ተውኋት፤ ብር የሚቋጠርባት ናት።

ሱሪውን ድርና ማግ እንዳልኸኝ አድርጌ ሸማውን አስቀድሜ አጥቤ፣ ወገቡ ላይ ብቻ ይዤ፣ ዳሩን ሳልቆርጥ ሰፋሁት። አራት ጊዜ አጠብሁት፤ አልተኮማተረም። ቆሻሻ መጣያዬ ውስጥ የክር ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚህ በፊት በየሱሪው አንድ ክንድ የሚሆን ጨርቅ እጥል ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት ጥያቄ ግን ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ሰነበተ። ከኮሌታው ውስጥ የምንሰፋት የስም ጨርቅ አለች፤ መጠን ትጻፍባታለች። አሁን ሰፋ አድርገናት በአማርኛና በአፋርኛ «ይህ የጎን ስንጥቅ ሎግያ ውስጥ ሰናፊል ከሚያገለድሙ እናቶች አረማመድ የተማርነው ነው» ብለን እንጽፍባታለን፤ አፋርኛውን የሎግያዋ እኅቴ እንድታርምልኝ እለምናለሁ። በኮፍያው የስም ጨርቅ ላይ ደግሞ «መተሃራ፣ የገበያ ቀን» ይላል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። ልጅዎ ልብሱን ሊለብስ አንገቱን ሲከፍት ያነበዋል።

ማሳዮች እንዳደረጉት ስላለው ክፍያ፣ ለተማርንባቸው ሰዎች እንዲሆን ከእያንዳንዱ ሁዲ 150 ብር ለብቻ እያስቀመጥን ነው። ለማን እንደሚሰጥ እኔ አልወስንም። የፊታችን ሳምንት መተሃራ እወርዳለሁ፤ ሽማግሌው በሕይወት የሉም፣ ልጃቸው ግን ያንኑ ገበያ ላይ ፍየል እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ናሙና ይዤለት እሄዳለሁ፤ ገበያው እስኪበተን ለብሶት ይዋል፣ የማይመቸውን ይንገረኝ፣ ስለ ገንዘቡም ሽማግሌዎቹን ይጠይቅልኝ።

ያቤሎ | ጥቅምት 19

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይግቡ፤ ቡናና ስኳር ይያዙ። ንግግሩንም በገንዘቡ አይጀምሩት። መጀመሪያ ስለ አባቱ ይንገሩት፤ ስለዚያች አቡጀዲና ስለ ግልገሏ።

ሎግያ | ጥቅምት 19

አፋርኛውን ላኪልኝ፣ ዛሬውኑ አይልሻለሁ። እናቴ ከእርምጃዋ ሰው ልብስ ማውጣቱን ስነግራት ተነሥታ ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ሄደችልኝ፤ በደንብ እዪና ንገሪያት ብላኛለች።

ድርና ማግ | ጥቅምት 20

የሚቀጥሉትን ሃያ ሱሪዎች ሸማ እኔ ልሥራልሽ። ቅዳሜ ድር አደውራለሁ። ከታጠበ በኋላ ስፋቱ በትክክል 80 ሳንቲሜትር እንዲመጣልሽ እዚያው እያለሁ ጨምሬ ላስፋው፣ ወይስ ያው እንደ ነጠላው ይሁን? ንገሪኝ።